ጥንድ ጥንድ ሆነው የወጡት ሳንቲሞች

ማመን የማይፈልግ አይመን። አልከራከርም። እኔ ግን ቦታው ላይ ነበርኩ... የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ስሜ ክላይቭ ይባላል። ነገሩ የሆነው እንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ ውስጥ ነው። ወሩ ኅዳር፣ ቀኑ እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። ታላቅ ወንድሜ ሄድሊና እኔ አዲስ በታረሰ ማሳ ላይ በብረት መፈለጊያ ማሽን የድሮ ሳንቲም እየፈለግን ነበር።

ከልጅነታችን ጀምሮ ሱሳችን ይኸው ነው። ሌላ የሚያገናኘን ነገርም አልቀረም።

እናታችን ስትሞት ሳይነግረኝ ነው የቀበራት።

"ሥራ ይዞሃል ብዬ ነው" አለኝ በስልክ፣ ከተቀበረች በኋላ።

ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ተኳርፈን ኖርን። በዚያ ሰሞን ግን ደወለና "አንድ ገበሬ ማሳውን ፈቅዶልኛል፤ ትመጣለህ?" አለኝ።

ሄድኩ። ሞኝ ነኝ... ይቅርታ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳንቆይ ማሽኑ ጮኸ። ሄድሊ ተንበርክኮ በአካፋ ቆፈረ። ሳንቲም! ላዩ ላይ ያለው ንጉሥ ፊቱ ተፍቆ አልቋል።

ከጎኑ ሌላ ነበር። ያው ራሱ።

"አየህ? ከእኔ ጋር ስትሆን ዕድልህ ይቃናል" አለኝ።

ወደ አጥሩ ትንሽ ፈቀቅ አልን። ማሽኑ እንደገና ጮኸ።

እንደገና ሁለት ሳንቲም... ጎን ለጎን።

እነዚህ የንግሥት ቪክቶሪያ ነበሩ።

አሁንም ፈቀቅ አልን። አሁንም ሁለት። አባታችን ልጅ ሳለ የነገሠው ንጉሥ።

አንድ ነገር ከነከነኝ። በሁለቱ ሳንቲሞች መሀል ያለውን ርቀት በጣቶቼ ለካሁት። ጣቶቼን ሳላጥፍ ቀስ ብዬ ወደ ፊቴ አመጣኋቸው።

ሁለቱ ዓይኖቼ ላይ ልክክ አሉ።

"ሄድሊ..." አልኩ በሹክሹክታ።

"ምን?"

"ድሮ የሞተ ሰው ዓይኑ እንዳይገለጥ ሳንቲም ይጭኑበት አልነበር?"

"እና?"

"አጥንቱስ የታለ?"

ከት ብሎ ሳቀ። "አንተ ደግሞ! ጸጉርህ ሸብቶም አልጋ ሥር ጭራቅ አለ ትላለህ?"

ለመሳቅ ሞከርኩ። እምቢ አለኝ።

አፈሩ ጣት ያደነዝዛል። ሳንቲሞቹ ግን... ይሞቁ ነበር። ሰው ኪስ ውስጥ እንደዋለ ሳንቲም።

ቁራዎች ማሳውን ሞልተውታል። እኛ በምንቆፍርበት መስመር ላይ ግን አንድም አልነበረም።

ቀጣዮቹ ሁለት ሳንቲሞች የእኛ ዘመን ናቸው። በልጅነታችን ከረሜላ የገዛንባቸው ዓይነት።

አጥሩ ሥር ደረስን። ሄድሊ ቆፍሮ ሁለቱን አወጣ። መዳፉን ዘረጋልኝ።

አዲሱ ንጉሥ። ያብለጨልጫል። የተጻፈበት ዓመት... የዘንድሮው።

"እንሂድ" አልኩት።

"አንዲት ቦታ ቀርታለች።"

"ሄድሊ፣ በናትህ!"

"መኪናው ጋ ሂድና ሻዩን አምጣ። እየተንቀጠቀጥክ ነው፣ አስጠላኸኝ።"

ሄድኩ። ካዘዘኝ እሄዳለሁ፤ ዕድሜ ልኬን እንደዚሁ ነው።

ፔርሙሱን ይዤ ስመለስ ሄድሊ ትልሙ ውስጥ በጀርባው ተጋድሟል። እጆቹ ጎኑ ላይ ተዘርግተዋል። ዓይኖቹ ክፍት ናቸው።

"ተነስ፣ አታሹፍ!"

"ይመቻል" አለኝ በለሆሳስ።

ማሽኑ አጠገቡ ወድቋል። ጫፉ ላይ ያለው ክብ መፈለጊያ ሳህኑ ወደ ሰማይ ዞሯል።

ይጮህ ነበር... ወደ ሰማይ እያየ ሳያቋርጥ ይጮህ ነበር።

እጁን ጎትቼ አስነሳሁት። መኪና ውስጥ ከተትኩትና ወደ ቤቱ ነዳሁ። በመንገድ ላይ ስንት ዓመት የያዝኩት ነገር ከአፌ አመለጠ።

"እማዬ ስትሞት ለምን አልነገርከኝም?"

ዞር ብሎ አየኝ። ዓይኑ አይርገበገብም።

"የማን እናት?" አለኝ።

እያሾፈ አልነበረም።

በሳምንቱ ሚስቱ ኖሪን ደወለችልኝ። ድምፅዋ በቅጡ አይሰማም፣ ታንሾካሹካለች።

"ክላይቭ፣ ባክህ ቶሎ ና። ጓሮ ተኝቶ አልነሳም አለኝ።"

ስደርስ እኩለ ቀን ነው። ደመና የሚባል የለም፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሄድሊ ሣሩ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ኖሪን የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ሣሩን ግን አትረግጥም።

"ለምን አታነሺውም?"

"ስጠጋው ይቆጣኛል። 'ኮቴሽን አታሰሚ... ላይ ያሉት ይሰሙናል' ይላል።"

"እነማን?"

"እሱን ጠይቀው" አለችኝ።

ሄጄ አጠገቡ ተንበረከክኩ። "ወንድሜ፣ ተነስ። ብርድ ይመታሃል።"

አንጓዬን ያዘኝና ጎተተኝ። ሳላስበው ጎኑ ወደቅኩ። ለመነሳት ታገልኩ፤ እጁ ግን እንደ ብረት ከብዷል።

"ዝም በል" አለኝ ጆሮዬ ሥር። "ደረሱ።"

አዳመጥኩ።

ነፋስ የለም። ወፍ የለም።

ከዚያ... ሰማሁት። አካፋ አፈር ውስጥ ሲሰካ፤ ልክ እኛ ማሳው ላይ ሳንቲም ስናወጣ እንደነበረው።

አንዴ... ደግሞ... እየቀረበ።

ከታች መስሎኝ ጆሮዬን ሣሩ ላይ ለጠፍኩ። መሬቱ ጭጭ ብሏል።

ድምፁ ከላይ ነው።

ቀና ብዬ አየሁ። ሰማያዊ ሰማይ ብቻ። ሌላ ምንም የለም።

ሄድሊ ዓይኖቹን ጨፈነ።

ከዚያ ጥርት ካለ ሰማይ፣ እርጥብ ጥቁር አፈር ፊቴ ላይ ተፈረፈረ።