ሰፊው በር ላይ

ደራሲው ከጽሕፈት ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ነፋሱ እንደ ልቡ እየገባ ያልታሰሩትን ገጾች ከጥግ ወደ ጥግ ያሯሩጣል፤ አንዱ መደርደሪያው ሥር ይሾልካል፣ አንዱ በሟቹ ትከሻ ላይ አርፎ ይርገበገባል። ስንት ዓመት የተለፋበት ረቂቅ፣ ተሰርዞ ተደልዞ መጽሐፍ ወደ መሆን ከደረሰ በኋላ እንዲህ ሲንከራተት ማየት፣ ምን ልበላችሁ፣ ከሬሳው እኩል ያሳዝናል።

መርማሪዋ ገብታ ዙሪያውን ቃኘች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሚነገራትን ሁሉ ነፍታ ገለባውን ስለምታስቀር። ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ወንበር ስታይ ትቆማለች፣ ስትቆም ትራመዳለች፣ ስትራመድ ደግሞ የሰው ዕቃ ታነሳለች።

«ያለቀ ጉዳይ ነው» አላት ሳጅኑ፣ ኮፍያውን ከነፋሱ በእጁ ይዞ። «ሐኪሙ ከኋላው ተመትቷል ብሏል። ከውጭው በር ፊት ለፊት ያለው ጎማ ጠጋኝ ሁሉንም አይቷል። መጀመሪያ አርታኢው ወጣ። ከዚያ የሟቹ ሴት ልጅ ወረቀት ልትገዛ ወጣች። ከዚያ የሟቹ ታናሽ ወንድም መጥቶ ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። በመጨረሻ ልጅቷ ገብታ ትንሽ ቆይታ ጮኸች። ወንድምየው ሲሄድ ሰውየው በሕይወት ነበር፤ ሲያነብ ሰማሁት ይላል። እንግዲህ ማን ቀረ? ልጁ ነች! መኪናው ቆሟል፣ እንውሰዳት?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ሳጅን።»

«አለቃ እኮ ሳይመሽ ሰው ይዛችሁ ኑ ብሏል!»

«ሰው ብሏል፤ የተገኘውን ሰው ግን አላለም።»

ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ገጾቹ ሁሉ ወለል ላይ ሲሆኑ አንድ ገጽ ብቻ በቦታው ቀርቷል። ቡጢ የሚያህል ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ተጭኖታል። ጠረጴዛው አቧራና የቀለም ነጠብጣብ ነው፤ ሻይ ያቆመበት ክብ ምልክት እንኳ አልተጠረገም። ድንጋዩ ግን ንጹሕ ነው፣ ታጥቦ የተወለወለ። የገጹን የላይኛውን ክፍል ሸፍኖ ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ አስቀርቷል፦

«ሰፊው በር ላይ ቆሞ በስሜ ጠራኝ።»

ድንጋዩን በመሐረብ ይዛ አነሳች፣ የተሸፈነውን አነበበች፣ እንደነበረ መልሳ ጫነችው። ሳጅኑ ምን አገኙ ቢላት «መስኮቱን ዝጋልኝ» ብቻ አለችው።

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። የአባቷን ረቂቅ የምትተይብለት እሷ ናት። የጣቶቿን ቆዳ ትልጣለች፣ ዓይኗ ደግሞ ከውጭ ከቆመው መኪና አይነቀልም።

«ይወስዱኛል አይደል?»

«እስካሁን አልወሰንኩም። አባትሽ እንዴት ነበር የሚሠራው?»

«ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ከዚያ ጮክ ብሎ ያነባል። ‹ጆሮዬ ያላሳለፈውን ማተሚያ ቤት አያሳልፈውም› ይላል። ያላለቀ ነገር ለማንም አያሳይም። እኔ እንኳ ሻይ ላቀብለው ስገባ ገጹን በመዳፉ ይሸፍነዋል። ‹ሲያልቅ ታዪዋለሽ› ነው መልሱ።»

«ጠረጴዛው ላይ ያለውን ገጽ አይተሽዋል?»

«ስወጣ ባዶ ነበር። ገና ሊጀምረው ነበር።»

«ሰሞኑን የተለየ ነገር አልነበረም?»

«ኧረ ነበር እንጂ! ስለ መቀስ ይጠይቀኛል። ክር በመርፌ እንዴት ይገባል ይለኛል። አባዬ እኮ የሸሚዝ ቁልፍ መትከል የማይችል ሰው ነው!» ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ። «ስገባ ወንበሩ ባዶ ነበር። የተኛ መስሎኝ ወረቀቱን ወጥ ቤት አስቀመጥኩ። ያቺን ታህል ነው የቆየሁት። ምን በወጣኝ አባቴን እገድላለሁ?»

መርማሪዋ አላባበለቻትም፤ ማባበል አታውቅበትም። «መጽሐፉን ልቀሚልኝ» አለቻት። «የድሮውን ረቂቅም አምጪና ምዕራፍ በምዕራፍ አስተካክይልኝ።» ልጅቷ ተንበርክካ መልቀም ጀመረች። 

መርዶ ሰምቶ የተመለሰውን አርታኢ ወጥ ቤት አገኘችው። በሰፈሩ «ቀይ እስክሪብቶ» የሚሉት ቀጭን ሰው ነው፤ ደረት ኪሱ በቀለም ተበላሽቷል።

«ጠዋት ‹ገደልከው!› ብለህ ስትጮህ ጎረቤት ሰምቷል።»

«መጽሐፉን ነዋ! ሌላ ምን ይገደላል እዚህ ቤት?» አለና ያለውን ሲያስተውል ደነገጠ። «ይቅርታ። እየውልሽ እመቤቴ፣ ረቂቁ ሲመጣልኝ ጥሬ ነበር። አንዱን ነገር ሦስት ቦታ ይላል፣ ሞቶ የተቀበረ ሰው ተነስቶ ገበያ ይሄዳል። አብረን ላጥነው፣ አብረን ሞረድነው። አሁን አበቃ ስንል የዋናውን ሰው ሙያ ቀይሬያለሁ አይለኝም? ሙያውን እኮ ነው! ያ ሁሉ ምዕራፍ ሊፈርስ! ለምን ብዬ ብጮህበት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ከመጽሐፍ ሰው ይበልጣል።›»

«ማን የሚሉት ሰው?»

«አልነገረኝም። በሩን ወርውሬ ወጣሁ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የመጨረሻ ቃላችን ስድብ ሆነ።»

ታናሽ ወንድምየውም ተመልሶ መጥቶ ሳሎን ነበር። አናጢ ነው፤ ትልቅ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ራሱ ተመልጦ ያበራል፣ ጫማው ላይ ሰጋቱራ አለ፣ እጁም አያርፍም፤ የበሩን መቃን ይዳስሳል፣ ማጠፊያውን ይሞክራል።

«የዚህን ቤት በሮች ሁሉ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «ዛሬ ጋሼን ልጠይቅ መጣሁ። የክፍሉ በር ዝግ ነው። እሱ ጮክ ብሎ ያነባል። ሲያነብ ካቋረጡት ያኮርፋል። ትንሽ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ሄድኩ።»

«ምን ሲያነብ ሰሙ?»

«‹ሰፊው በር ላይ ቆሞ በስሜ ጠራኝ› ሲል ነው የሰማሁት።»

ስትንጎራደድ የነበረችው መርማሪ ቀጥ አለች።

«እስቲ ይድገሙልኝ?»

ደገመላት፤ ቃል በቃል ያው ነው። በጽሑፍ ብታዩት ከገጹ ጋር አንዲት ፊደል አይለያይም። እሷ ግን ድመት ኮሽታ ስትሰማ እንደምትሆነው ጆሮዋን አቆመች።

«መጽሐፉን አንብበውታል?»

«እኔ? የምን ንባብ! ከእንጨት ሌላ ምን አውቃለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ሳጅኑ በደስታ ፈነደቀ። «አላልኩም? መስመሩ ዛሬ የተጻፈ ነው። ልጅቷ ራሷ ገጹ ባዶ ነበር ብላለች። ሰውየው ከውስጥ ሲነበብ ካልሰማው በምን ያውቀዋል? ስለዚህ ሲሄድ ወንድሙ በሕይወት ነበር ማለት ነው። አሁንስ እንውሰዳት?»

«ልክ ነህ፣ ዛሬ ያላየው ወይም ያልሰማው አያውቀውም» አለች መርማሪዋ። ወደ ልጅቷ ሄዳ ከጎኗ በርከክ አለች። ልጅቷ የድሮውን ረቂቅ ምዕራፍ በምዕራፍ ደርድራለች። አንደኛው ምዕራፍ ሲገለጥ ከገጾቹ መታጠፊያ ቢጫ ብናኝ ወለሉ ላይ ረገፈ። መርማሪዋ በጣቷ ነክታ አሸተተችው። ከዚያ ምዕራፉን ቆማ፣ እየተንጎራደደች አነበበችው፣ ስትጨርስ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ሁሉንም ጥራልኝ፣ ሳጅን።»

ሬሳው ተነስቶ ክፍሉ ባዶ ባዶ ይላል። ነፋሱ የተዘጋውን መስኮት ይደበድባል። አርታኢው መደርደሪያውን ተደግፏል፣ ልጅቷ የተለቀሙትን ገጾች አቅፋለች፣ አጎቷ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ደራሲውን የገደለው ይህ ድንጋይ ነው» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያልቆሸሸ ዕቃ እሱ ብቻ ነው፤ ገዳዩ ጠርጎ መልሶታል። ድንጋዩ በተነሳበት ጊዜ ነፋሱ ሌላውን ሁሉ በተነው፤ ይህ ገጽ ብቻ ገዳዩ ድንጋዩን መልሶ ስለጫነበት ቀረ። ስለዚህ ገዳዩ ይህን ገጽ ሳያይ አልወጣም። ሳጅን፣ ድንጋዩን ሳትነካ የሚታየውን አንብብልን።»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። «ሰፊው በር ላይ ቆሞ በስሜ ጠራኝ።»

«ምን ዓይነት በር ነው?»

«ሰፊ ነዋ! ትልቅ በር።»

ድንጋዩን አነሳችና ገጹን ለልጅቷ ሰጠቻት። «አንቺ ከላይ ጀምረሽ አንብቢው።»

ልጅቷ በተሰበረ ድምፅ አነበበች። «‹መቀሱን ጨርቁ ላይ አስቀምጦ፣ እጅጌው ላይ የተንጠለጠለውን ክር አራግፎ ተነሳ። ሰፊው በር ላይ ቆሞ በስሜ ጠራኝ።›»

«ወይ ጉድ!» አለ ሳጅኑ። «ልብስ ሰፊው!»

እናንተስ ቅድም እንዴት አነበባችሁት? አትፈሩ፣ አብዛኛው ሰው እንደ ሳጅኑ ነው። ፊደላችን ሲጠብቅና ሲላላ መልኩ አንድ ነው፤ ‹ፊ› ስትጠብቅ በሩ ይሰፋል፣ ስትላላ መርፌ የያዘ ሰው በሩ ላይ ይቆማል። ወረቀት ዝም ይላል፣ የሚመርጠው የአንባቢው ምላስ ነው።

«ወንድምዎ ይህን ቢያነበው ኖሮ አላልቶ ነበር የሚያነበው» አለች መርማሪዋ ወደ አናጢው ዞራ። «የጻፈው ስለ ልብስ ሰፊ ነውና። የሰማ ሰው የሰማውን ይደግማል። እርስዎ ግን ሁለት ጊዜ አጥብቀው ነገሩኝ፤ ሰፊ በር! አልሰሙትም፣ አዩት። ያውም ከላይ ያለው መቀስና ክር ድንጋዩ ሥር ተሸፍኖ። በር የሚሠራ ሰው ደግሞ በር የሚል ቃል ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው ስፋቱ ነው።»

«ጆሮ… ጆሮ እኮ ይሳሳታል፣ እህቴ!»

«ይሳሳታል። ሰጋቱራ ግን አይሳሳትም። አንብቤ አላውቅም ባሉኝ ረቂቅ ውስጥ፣ አንዱ ምዕራፍ ላይ ብቻ፣ የሥራ ቤትዎን ብናኝ ትተዋል። አንድ አናጢ በበሰበሰ ሳንቃ ሰገነት ሠርቶ፣ ሠራተኛው ወድቆ ሲሞት ጥፋቱን በሟቹ የሚያላክክበት ምዕራፍ ነው።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ በዚህ ሰው ሁለቱም ደርሶበታል። መላጣውን በሁለት እጁ ይዞ መቃኑን ታክኮ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«የዚያ ሠራተኛዬ ሚስት እስከ ዛሬ በመንገድ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች» አለ። «ልጆቹ እኔ ጋ ነው የሚሠሩት። ያንን ምዕራፍ ተደብቄ አነበብኩት፤ መጽሐፉ ቢወጣ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ዛሬ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ‹ከመጽሐፉ አውጣኝ፣ ጋሼ› አልኩት። ገጹን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ፈገግ ብሎ፣ ‹ሲያልቅ ታየዋለህ› አለኝ። የሚያሾፍብኝ መሰለኝ! ወደ ወረቀቱ ሲዞር… እጄ ድንጋዩን አነሳው።»

 አርታኢው ከመደርደሪያው ተላቀቀ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሙያውን ቀይሬያለሁ ያለኝ…» አለ። «አናጢውን ነው። አናጢውን ልብስ ሰፊ አደረገው። ሰገነቱንም ሳንቃውንም ከመጽሐፉ ሊያወጣ ነበር። ማንም እንዳያውቅህ እኮ ነው! በመጽሐፉ ተጣላሁት፣ እሱ ግን አንተን እየሸሸገ ነበር።»

አናጢው ቀና አለ። ነገሩ ወዲያው አልገባውም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ያችኑ መስመር ነው፣ አሁን አላልቶ።

«ሰፊው… እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ» አለች ልጅቷ። «ያችን ገጽ ሊጨርስልህ ነበር። አባዬ ሲያልቅ ታየዋለህ ካለ፣ ደስ የሚልህን ነገር ነው የሚደብቀው! እኔን ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር፣ አጎቴ! ብትጠይቀኝ!»

ሳጅኑ ካቴናውን ለልጅቷ እጅ አዘጋጅቶ ነበርና ማላላት አቅቶት ትንሽ ታገለ። መርማሪዋ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልጅቷን ማትረፏ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ አላላትም።

«መጽሐፉስ?» አለ አርታኢው በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ። «አሁን እውነቱ ወጥቷል። ወደ አናጢው እንመልሰው?»

ልጅቷ ገጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ረጅም ጊዜ አየችው።

«አይሆንም» አለች። «ይቅር ብዬው አይደለም። ይቅር የምለውም አይመስለኝም። ግን አባዬ የወሰነው ይህንን ነው።»

እጇን ዘረጋች። አርታኢው ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። በዚህ መሃል አጎቷ፣ እጁ ታስሮ፣ ራሱ በሠራው በር ላይ ቆሞ በስሟ ጠራት። ቀና አላለችም። ‹ሰፊው› ከምትለው ቃል በፊት፣ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ፣ ‹ልብስ› የምትል ቃል ጨመረች፤ ከዚያም ገጹን ከሌሎቹ ላይ አደረገችው።