የአንደኛው ወንበር ስክሪን

ሟቹ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ወደ ውስጥ ገብቷል። ደሙ ከአንደኛው ወንበር ሥር ተነሥቶ በሲሚንቶው ስንጥቅ እስከ በሩ ድረስ ወርዷል። መርማሪዋ ተንበርክካ ቁስሉን ቆጠረች። አምስት ነበር። ሦስቱ ከወደቀ በኋላ ያረፉ ናቸው።

«የገደለው ሰው መግደል ብቻ አይደለም የፈለገው» አለች ለሳጅኑ። «አፉን መዝጋት ነው የፈለገው።»

ቤቱ ጌም ቤት ነው፤ ዐሥር ወንበር፣ ዐሥር ኮምፒውተር፣ ዐሥር ስክሪን። ባለቤቱን ሰው ሁሉ «ነብሮ» ይለው ነበር። እጁ ከአፉ ይቀድማል፤ አፉም ቢሆን ከእጁ አይሻልም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሚስቱ ባንኮኒውን ልታጸዳ ስትገባ ነበር ሬሳውን ያገኘችው።

ሳጅኑ ነገሩ ያለቀለት መስሎታል።

«ገዳይዋ ተይዛለች፣ ኢንስፔክተር። ተጫዋች ናት፤ ‹ጥይት› ይሏታል። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጥታ እዚህ አንደኛ ወንበር ላይ ትለማመዳለች። ነብሮ ኮምፒውተሩን አስነሥቶ ይጠብቃታል። ትናንት ግን ተጣሉና ሰው ፊት በጥፊ አጮላት። እሷም ‹እገድልሃለሁ› አለችው። ዛሬ ጠዋት ቦርሳዋን አቅፋ ስትሮጥ ጎረቤት አይቷታል። ጫማዋም ደም ነክቶታል።»

«የተመታበትስ ዕቃ?»

«ከባድ ብረት ነው ይላል ሐኪሙ። ቤቱን ፈተሽን፤ የጎደለ ነገር የለም። ዐሥሩም ስክሪን በየቦታው አለ። በቦርሳዋ ይዛው ወጥታ የሆነ ቦታ ጥላዋለች።»

መርማሪዋ ወደ አንደኛው ወንበር ጠጋ አለች። የአንደኛው ወንበር ስክሪን እንደበራ ነው፣ ጥጉ ላይ አንዲት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች፤ ጨዋታውም ተጫዋች ሳይኖረው በራሱ ይሽከረከራል። ረጅም የድንጋይ ግድግዳ ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል። ሲያልፍ ወገቡ ላይ እየተሰነጠቀ ላዩ ይቀድማል፣ ታቹ ይቀራል። ዘጠኙን ስክሪኖች አንድ በአንድ ዞራ አየች። ሁሉም በከባድ የብረት እግር ላይ ቆመዋል፤ ገመዳቸው የታሰረበት ነጭ ፕላስቲክ በአቧራ ጠቁሯል። የአንደኛው ወንበር ማሰሪያ ብቻ አዲስ ነበር፤ ጫፉም በሥርዓት ተቆርጧል።

ከበሩ ውጭ አንዲት ሴት ቆማለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሥራዋ ስትሮጥ ሜትሯን ከአንገቷ ማውለቅ ረስታለች።

«የኔ እመቤት» አለች መርማሪዋን እጇን ይዛ፤ «ልጄ ዶሮ ሲታረድ ማየት አትችልም። ምላሷ ነው እሳት፤ እጇ አይደለም። ‹ይሄ የጨዋታ መስኮት ይበላሻል› እያልኩ ስጨቀጭቃት ኖርኩ። ምነው አፌን በቆረጠው! በሰው ነፍስ ከከሰሷት እኮ ዕድሜዋ እዚያው አለቀ።»

«እስቲ ይረጋጉ፣ እናቴ። ገና አላለቀም።»

ጥይት በፖሊሱ መኪና ውስጥ እጇን በካቴና ታስራ ተቀምጣለች። ጉንጯ ላይ የትናንቱ ጥፊ ሰንበር አለ።

«ቦርሳሽ ውስጥ ምን ነበር?»

«የኮምፒውተር ማውዜና የጆሮ ማዳመጫዬ።»

«ለምን ሮጥሽ?»

«በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁና ረገጥኩት… ደሙን። አዳለጠኝ። ትናንት እገድልሃለሁ ያልኩትን ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ማን ያምነኛል?»

«ትናንት ምን አጣላችሁ?»

«አንደኛ ወንበርን ለሌላ አትስጥብኝ ስላልኩት። አዲሱ ስክሪን ያለው እዚያ ብቻ ነው፤ አዳፕቲቭ ሲንክ ያለው።»

«ከተራው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጥፍ ነው አሉኝ። ያዋጣል?»

ልጅቷ እንደ መገረም አለች። «ለእኔ ያዋጣል። ኮምፒውተሩ ሥዕሉን በእኩል ፍጥነት አይልክም፤ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይንቀራፈፋል። ተራው ስክሪን ደግሞ በራሱ ሰዓት ነው የሚቀይረው። ስለዚህ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ሥዕል ይሆንና ይቀደዳል። ያኛው ግን ኮምፒውተሩን ይጠብቃል። ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ እንደሚጠብቅ ጨዋ።»

«ነብሮ ጨዋ ስክሪን ወዶ ነበር ማለት ነው» አለ ሳጅኑ። ማንም አልሳቀለትም።

መርማሪዋ ያንኑ ጥያቄ ይዛ ወደ ሌሎቹ ሄደች። ለነብሮ አዲሱን ስክሪን የሸጠለት ነጋዴ ሱቁ ውስጥ ከሁለት ሠራተኞቹ ጋር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ዕቃ ሲያራግፍ ነበር፤ ሠራተኞቹም መስክረውለታል።

«ለሚጫወት ያዋጣል» አለ። «ፊልም ለሚያይ ያዋጣል ብዬ ብሸጥለት ግን ሌባ ነኝ። ነብሮ ዘጠኙንም ሊቀይር አስቦ ነበር።»

«ከውጭ በምን ይለያል?»

«በምንም። ፋብሪካውም አካሉም እግሩም አንድ ነው። በውዱ ጥግ ላይ ብቻ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች፤ እሷን ከላጡ እኔም ካልበራ አልለየውም።»

ሚስትየው ባንኮኒው ኋላ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ጥያቄውን ስትሰማ መሬት መሬት አየች። «ነብሮ ያዋጣል ካለ ያዋጣል» አለች።

ወንድሟ ጠጋኝ ነው፤ «ብሎን» ይሉታል። የሚሠራው ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ የራሷ የጓሮ በር አላት፤ ቁልፉም ከእሱ ሌላ በማንም እጅ የለም። መስታወታቸው የተሰነጠቀ ስክሪኖች ከመሬት እስከ ደረቱ ተከምረዋል፤ ተጠግነው ያለቁትም ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። አውራ ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ምን ነካህ?»

«ካቻቢቴ አመለጠኝ። ሥራ የምገባው ሦስት ሰዓት ነው፣ ኢንስፔክተር። እኔ ስደርስ ሰው ሁሉ ይጮህ ነበር።»

«ውዱ ስክሪን ያዋጣል ትላለህ?»

ሳቀ። «ሌብነት ነው! ዐሥራ ሁለት ዓመት ስክሪን ስፈታ ስገጥም ኖሬያለሁ። ስም ለጥፈው ይሸጡታል፣ ሞኝ ይገዛል። ልዩነት የለውም።»

«ነብሮ ግን አለው ይል ነበር።»

የብሎን ከንፈር ነጣ። «ነብሮ ብዙ ነገር ይል ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርማሪዋ ሁሉንም በአዳራሹ ሰበሰበች፤ ጥይትን ከነካቴናዋ፣ እናቷን፣ ሚስትየውን፣ ብሎንን፣ ነጋዴውን። ነጋዴው ይዞ የመጣቸው ሁለት ስክሪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ጥጋቸው በፕላስተር ተሸፍኗል። በሁለቱም ላይ ያው የድንጋይ ግድግዳ ይሮጣል።

«አንዱ ተራ ነው፣ አንዱ ውድ። ተራው የትኛው ነው?»

ጥይት አፍታም ሳትቆይ በአገጯ ወደ ግራው ጠቆመች። ነጋዴውም እንደዚያው። እናትየው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ዓይኗን አጠበበች።

«እኔ ስለዚህ ምን አውቄ… ግን የግራው ግድግዳ ወገቡ ላይ ይቀደዳል። ስፌቱ አልገጠመም።»

ሚስትየው ዘግየት ብላ ጣቷን ወደ ግራ አነሣች።

«አንተስ፣ ብሎን?»

ብሎን አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ግንባሩ አላበው። «ሁለቱም አንድ ናቸው» አለ።

«ገዳዩም እንዲሁ ነው ያሰበው» አለች መርማሪዋ። «ጠዋት እዚህ ስገባ የአንደኛው ወንበር ስክሪን ወገቡ ላይ ይቀደድ ነበር። ጥጉ ላይ የውዱ ወረቀት ተለጥፏል፤ ነገር ግን ውዱ አይቀደድም። ስለዚህ ውዱ ተነሥቶ በተራ ተተክቷል፤ ወረቀቱም ተልጦ ተራው ላይ ተለጥፏል። ሰው ገድሎ እየተጣደፈ ስክሪን የሚቀይር ለምንድን ነው? ስክሪኑ ስለተሰበረና ደም ስለነካው ነዋ! ነብሮ የተመታው በስክሪኑ የብረት እግር ነው። ዐሥሩ በቦታው ሲገኝ እኛ ‹ዕቃ አልጎደለም፣ ልጅቷ በቦርሳዋ አወጣችው› አልን።»

ሳጅኑ አንገቱን ደፋ።

«የቀየረችው ጥይት ብትሆን ኖሮ የሚቀደድ ስክሪን እንደማይደበቅ ታውቅ ነበር። ነጋዴው ሱቁ ውስጥ ከመሆኑም በላይ እንጀራው ይሄ ልዩነት ነው። የቀየረው ሰው ልዩነቱን የማያይ ነው። ገመዱን ደግሞ በአዲስ ፕላስቲክ አስሮ ጫፉን አስተካክሎ ቆርጦታል። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ እንኳ እጁ የለመደውን ሥራ አልተወም። ትርፍ ስክሪን ያለው፣ በጓሮ በር የሚወጣ፣ የተሰበረ መስታወት ጣቱን የቆረጠው—»

«ይሄንኑ ነው ያደረገኝ!» ብሎን ጮኸ። ድምፁ የሰው አይመስልም ነበር። «ልክ እንዲህ! በየቀኑ ደንበኛ ፊት ያስቀምጠኛል። ‹የትኛው ነው? ንገረን፣ ዕውሩ ጠጋኝ!› ሰው ሁሉ ይስቃል። ዛሬ በማለዳ ጠርቶ ‹ዕውር ስክሪን አይጠግንም፣ ዕቃህን ሰብስብ› አለኝ። ሳቀና ጀርባውን ሰጠኝ። ስክሪኑን ከነእግሩ አነሣሁት። ወደቀ፤ ግን አሁንም የሚስቅ መሰለኝ። እስኪያቆም ድረስ መታሁት!»

ካቻቢቴውን ከኪሱ መዝዞ መርማሪዋ ላይ ዘለለ። ጫፉ ክንዷን ቀደደው። ሳጅኑ ከጎን ገጭቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው፤ የግራው ስክሪን መሬት ላይ ተከሰከሰ። እጁን ወደ ኋላ ሲጠመዝዘው የትከሻው አጥንት ቀጭ አለ። ብሎን በአፉ ደም እየተፋ ማልቀስ ጀመረ።

ውዱን ስክሪን ከክምሩ ሥር አወጡት። የብረቱ እግር ታጥቧል፤ ከስክሪኑ ጋር የታሰረበት ቀዳዳ ውስጥ ግን ደም ደርቆ፣ ሁለት ሽበት ፀጉር ተጣብቆበት ነበር።

መርማሪዋ ክንዷን በመሐረብ እንደያዘች የጥይትን ካቴና ፈታች። «ያንን ሰው በዚህ መንገድ ማስለፍለፌ ደስ አላለኝም» አለቻት በዝግታ። «ነብሮም ያደረገው ይሄንኑ ነው። ግን ሌላ መንገድ አላገኘሁልሽም።»

እናት ልጇን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሳመቻት። ሜትሯ በሁለቱ መካከል ተጠላልፎ ነበር።

ሲወጡ ሚስትየው ስክሪኖቹን አንድ በአንድ እያጠፋች ነበር። በአንድ ቀን ባልም ወንድምም ያጣች ሴት ናት። እናትየው አልፋት መሄድ አልቻለችምና ተመልሳ ክንዷን ያዘቻት።

«እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ።»

ሚስትየው አንገቷን ሳታቀና በሹክሹክታ መለሰች።

«እኔም እኮ አላየሁትም፣ እትዬ። እናንተ ወደ ግራ ስላላችሁ ነው ጣቴን ያነሣሁት። ነብሮ ሲጠይቀኝም ‹አዎ፣ ይታየኛል› እለው ነበር።» የመጨረሻውን ስክሪን አጠፋችው። «ወንድሜን ይሄን አንድ ውሸት ባስተምረው ኖሮ።»