ገላጋዩ የዋጠው ድምፅ

አስናቁና ናሁሠናይ ከአንድ እናት መወለዳቸውን የነፋስ አፋፍ ከተማ ሰው ሲነገረው ይስቃል። አስናቁ በስድሳ ዓመቷም ከጋራዧ ሆና የምትናገረው ማዶ ሰፈር ይሰማል፤ ታናሽ ወንድሟ ናሁሠናይ ግን በጉባኤ አዳራሽ ሲናገር የፊት ወንበር የያዙት እንኳ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። እሷ እጇን በግራሶ ነክራ ትውላለች፤ እሱ በቤተ ሙከራው ነጭ ጓንት አጥልቆ ድምፅን በድምፅ ይገድላል።

«ገላጋይ» የተባለውን መሣሪያ የፈለሰፈው እሱ ነው። ገላጋይ ከጡብ የማይበልጥ ሣጥን ሲሆን፣ ከሰው ንግግር በቀር የሚጮኸውንና የሚንቀጠቀጠውን ሁሉ እያዳመጠ ተቃራኒ ሞገድ በመላክ ያጠፋዋል። በነፋስ አፋፍ ገላጋይ የሌለው ቤትም መኪናም የለም። የከተማው ልጆች ዝናብን በመስኮት ያዩታል እንጂ ሰምተውት አያውቁም፤ ይህም ማንንም አይገርምም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ናሁሠናይ አሮጌ ፒካፑን ወደ እህቱ ጋራዥ አመጣ። በማግስቱ እናታቸውንና ሁለት ልጆቹን ይዞ፣ የሺህ ሜትሩን ቁልቁለት ወርዶ ወደ ሐይቁ ሊሄድ ነበር። አስናቁ ደግሞ የመኪናውን ሥር ሳታይ ማንንም ቁልቁለት አታስወርድም።

«ምንም የላትም» አለ። «ገላጋዩ በየቀኑ ጤነኛ ነች ይላል።»

«ገላጋይህ ከሥሯ ተኝቶ ያውቃል?»

ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፋ፣ ማርሹን ነፃ አድርጋ ከመኪናዋ ሥር ገባች። ከካምቢዮው እስከ ኋላ ጎማዎች የሚዘረጋው ረጅም ዘንግ፣ በሁለት ጫፎቹ መስቀል በሚመስል መጋጠሚያ ይያዛል፤ መካኒኮች ከአያቶቻቸው በወረሱት ስም ክሮቼራ ይሉታል። መጋጠሚያውን ይዛ ነቀነቀችው።

«ና ግባ» አለችው። «ሱሪህ ይታጠባል፣ ዶክተር። አንዱን እጅህን ከመጋጠሚያው ወዲህ፣ ሌላውን ወዲያ አድርግ። አሁን በተቃራኒ አጣምመው።»

ንቅንቅ ማለት ያልነበረበት ብረት በመዳፉ ውስጥ ሊወልቅ እንደ ደረሰ የወተት ጥርስ ተነቃነቀ። በጣቶቹም ላይ ቀይ ዱቄት ቀረ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ዝገት። ግራሶው አልቆ ብረት ብረትን እየፈጨ ነው። ቁልቁለቱ መሀል ቢበጠስ የዘንጉ ጫፍ አስፋልቱ ላይ ይተከላል፤ መኪናዋን ሽቅብ ያነሣታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ገደሉ ያውቀዋል።»

«ግን አንድም ቀን አልጮኸችም።»

«ክሮቼራ ሳይጮህ አይሞትም፣ ወንድሜ። ያን ሣጥን አጥፋው።»

ናሁሠናይ ከሥር ወጥቶ መሪው ፊት ተቀመጠና፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ነክቶት የማያውቀውን ማብሪያ ማጥፊያ እያመነታ ተጫነ። ማርሹን ወደ ኋላ፣ ከዚያም ወደ ፊት ሲያስገባ፣ «ጓ!» የሚል ምት ከወገቡ በታች ተሰማው። ድንጋዮቹ ተነሥተውለት ግቢውን ሲዞር ወለሉ እግሩን አንዘረዘረው፤ ከሥር ቀጭን ሲጥሲጥታ ፍጥነቱን ተከትሎ መጣ።

መኪናዋን አቁሞ የገላጋዩን መዝገብ ከመሪው አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ከፈተ። ከአራት ወር በፊት፦ «የኋላ ዘንግ፣ ምት። ተገላግሏል። ሰላም ተጠብቋል።» በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ በየሰዓቱ።

«ዐውቆ ነበር» አለ። «ዐውቆ ዝም አሰኘው።»

«ማን አስተማረው?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። መሣሪያው ማጥፋት ያልቻለውን ድምፅ ብቻ እንዲያሳውቅ ያዘዘው ናሁሠናይ ራሱ ነው፤ ማጥፋት ያልቻለው ድምፅ ግን አልነበረም።

የመኪናዋና የቤቱ መዝገብ አንድ ላይ ስለሚቀመጥ ጣቱ ሳያስበው ወደ ታች ወረደ። «መኝታ ቤት፣ የምሥራቅ ግድግዳ፣ ምት። ተገላግሏል። ሰላም ተጠብቋል።» በአንድ ወር ውስጥ ሠላሳ አንድ ጊዜ። ከምሥራቁ ግድግዳ ወዲያ ያለው የእናታቸው የወይዘሮ ይርገዱ ክፍል ነው።

አስናቁ በትከሻው ላይ አጎንብሳ አነበበች።

«ክሮቼራውን እኔ እቀይረዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «አንተ ወደ ቤት ሂድ።»

ቤተሰቡን ለምሳ እንደ ተሰበሰበ አገኘው።

«እማዬ፣ ግድግዳውን ትመቺ ነበር?»

ወይዘሮ ይርገዱ እንደ ማፈር አሉ። «ደረቴን ሲያፍነኝ በምርኩዜ ቆርቆር አደርግ ነበር። ስትቀር ጊዜ፣ ‹ደክሞት ነው፤ ደግሞስ ትልቅ ሰው እናቱ ስትቀሰቅሰው ምን ደስ ይለዋል› አልሁና ተውሁት። ካለፈው ሳምንት ወዲህ አልመታሁም።»

ባለቤቱ ማስተዋል ማንኪያዋን አስቀመጠች። ናሁሠናይ ወደ ግድግዳው ሄዶ ሣጥኑን ነቀለው። የልጆቹ ጫጫታ፣ የጎረቤት በር፣ ከሁሉም በላይ የእናቱ ትንፋሽ፣ እንደ ደረቅ ቅጠል እየተንኮሻኮሸ፣ ክፍሉን ሞላው።

«አባዬ፣ ታዲያ እንዴት እንተኛለን?» አለች ትንሿ ልጁ ጆሮዋን ይዛ።

«ስሙኝ» አለ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ማእድ ቤት ድረስ ተሰማ። «ሐይቁ ይቅር። አሁኑኑ እማዬን ሐኪም ዘንድ እንወስዳለን። ሰኞ ደግሞ ገላጋይ በየቤቱና በየመኪናው እንዲጠፋ ለከተማው ሁሉ እናገራለሁ። ሥራዬን እንደሚያሳጣኝ ዐውቄያለሁ፤ እናንተም ዕወቁት።»