ጫማውን አውልቆ የገባው ሌባ

ፊቱን በሻርፕ የሸፈነ ሰው አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ አጠገብ ሂሊያርድ ያለው ቤቷ በር ላይ ሲደርስ፣ ሙኒራ ቬትናም ውስጥ፣ በሆይ አን አሮጌው ሰፈር ፋኖስ ታያለች። የቤቷ በር ካሜራ ሰውየውን አይቶ ስልኳ ጮኸ። እዚያ መሽቷል፤ ኮሎምበስ ገና መንጋቱ ነው።

"አብዱረሂም፣ ቤታችን ሰው ገባ!"

አዲሱ ባሏ ስልኩን አብሯት አየ። በሩ ተዘግቷል። ሰውየው ውስጥ ነው።

ጎረቤቷ ደራርቱ ጋ ደወለች።

"ውይ! ፖሊስ ኮል ላድርግ። ያ ሂተር የሠራልሽ ሰውዬ ይሆናል፤ ዓይኑ አላማረኝም ነበር።"

"አድርጊ! ቶሎ በይ!"

ይህን ጎዳና ሙኒራ ከሟች ባሏ ከከሊፋ ጋር ረግጣዋለች። የሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች ጃኬት ሰፍተውለት፣ ሕፃን ልጅ መስሎ ነበር የተደሰተው። አሁን የተመለሰችው አብዱረሂም "የወደድሽውን አሳዪኝ" ስላላት ነው። ደግ ሰው ነው። ይህቺ ግን ደግነት ትሁን ሞኝነት፣ እሱም አያውቃት።

ቪዲዮውን መልሳ ከፈተችው። በሩ አልተሰበረም። በቁልፍ ነው የተከፈተው።

"ሂተር ሠሪው ቁልፍ አለው?" አለ አብዱረሂም።

"ከየት አምጥቶ? እኔው ነኝ የከፈትኩለት።"

እንደገና አየች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። አስተካክሎ ከግድግዳው ሥር አስቀመጠው። ከዚያ በቀኝ እግሩ ገባ።

ምንጣፍ እንዳይቆሽሽ የሚጨነቅ ሌባ የት አለ? ይሄ ቤተኛ ነው። ቁልፍ እጁ ላይ የቀረ ቤተኛ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ የከሊፋ ታናሽ ወንድም። ቁልፉን መልስ ማለት ከብዷት ትታው ነበር።

"ጁነዲን ነው!"

ደራርቱ ጋ መልሳ ደወለች። "ፖሊስ ይቅር በያቸው!"

"መጥተዋል እኮ! ሽጉጥ አውጥተዋል፣ እኔን ግቢ አሉኝ!"

ጁነዲን ጋ ደወለች። አያነሳም። ደግማ ደወለች። አያነሳም። እጁን ኪሱ ቢከትስ? ስልኩን ሲያወጣ ሌላ ነገር ቢመስላቸውስ? በገዛ አፏ ነው የላከችበት። ቱሪስቶቹ እየገፏት ያልፋሉ፤ እሷ ግን መላ ጠፍቷት ቆማለች።

ስልኳ ላይ በሩ ሲከፈት ታየ። ጁነዲን ወርቅ አልያዘም፣ ቲቪ አልያዘም። የከሊፋን ጃኬት ታቅፏል።

"ሃንድስ አፕ!"

ሙኒራ በበሩ ካሜራ በኩል በእንግሊዝኛ ጮኸች። "አትተኩሱ! ቤተሰቤ ነው!"

ጃኬቱ ወደቀ። ሁለት እጆች ወደ ላይ ወጡ። ሙኒራ አልሐምዱሊላህ አለች።

አንዱ ፖሊስ ወደ ካሜራው ቀረበ። "ታውቂዋለሽ?"

"የሟች ባሌ ወንድም ነው። እኔ ነኝ ግባ ያልኩት።" ውሸቱ ሳታስበው ነው የወጣው።

ጁነዲን በአማርኛ ተናገረ። "እዚያ ሆይ አን ድልድይ ላይ ከአዲሱ ባልሽ ጋር የተነሣችሁትን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አየሁት። ወንድሜ በቆመበት ቦታ ሌላ ሰው አቆምሽበት። ነገ ጃኬቱንም ታለብሺዋለሽ ብዬ ነው።"

"ወላሂ አላለብሰውም! ኋላ እንደፈለግክ ስደበኝ። አሁን ብቻ ታውቀኛለች በላቸው፣ በአላህ!"

ፖሊሱ ወደ እሱ ዞረ። "እሷ ግባ ብላሃለች?"

ጁነዲን ካሜራውን ትክ ብሎ አየ። ዓይኑ የከሊፋ ዓይን ነው።

"ኖ ሰር፣" አለ። "ይህችን ሴት አላውቃትም።"

ካቴናው ሲቆለፍ ድምፁ ሆይ አን ድረስ ተሰማ።