የመጨረሻው ጊታር ለምን ታፈነ?

ጊታር ሠሪው ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ፤ የተመታበት መዶሻ አጠገቡ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ፣ ከሲጋር የእንጨት ሳጥን የሠራው የመጨረሻ ጊታሩ ክዳኑ በኮላ ተጣብቆ ተቀምጧል። ሬሳውን ያገኘው ጊታሩን ያዘዘው ሙዚቀኛ ነበር። ለፖሊሶቹ ደግሞ ሬሳው አጠገብ ከተገኘ ሰው የተሻለ ጥፋተኛ የለምና እጁን በካቴና አሰሩት።

«መርፌ» የሚሏት መርማሪ ግን አልቸኮለችም። ሳጥኑን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

«የሱ ሥራ ድምፁ እንዲህ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለ ሙዚቀኛው። «የሱ ገና ስትነካው ያስተጋባል። ይሄ የታፈነ ነው።»

የሟች ሚስት እንባዋን ጠረገች። «እነዚህን ሳጥኖች ከኔ አስበልጦ ነበር የሚወዳቸው። ስንቴ በመጥረቢያ ልፈልጣቸው ቃጥቶኛል!»

ታላቅ ወንድሙም ጊታር ሠሪ ነው፤ የሱ ሳጥኖች ግን ገዢ አጥተው አቧራ ለብሰዋል። «እኔ እዚህ ቤት ድርሽ ብዬ አላውቅም» አለ። «ሆድና ጀርባ ከሆንን ቆየን።» ቅናት አንጀቱን እንደበላው ፊቱ ይናገር ነበር።

መርፌ የጊታሩን ክዳን በስስ ቢላ አላቀቀች፤ ወደ ወንድምየው ሱቅም ደርሳ ተመለሰች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ሟች ክዳኑ በክሮቹ ጉልበት እንዳይሰምጥ በሳጥኑ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእንጨት ድጋፍ ያሳልፍ ነበር። ድጋፉ ክዳኑን እንዳይነካ ደግሞ መሃሉን በመላጊያ ዝቅ ያደርገዋል። ክዳኑ የሚዘምረው በዚያች ክፍተት ነው። እዚህ ግን ክፍተቷ ውስጥ ሽብልቅ ተሰንቅሯል። ሚስቱ ብትሆን ኖሮ በመጥረቢያ ትፈልጠው ነበር፤ ራሷ ነግራናለች። ሙዚቀኛው የሚጫወትበትን ለምን ያፍናል? ይህ የጊታር ሠሪ እጅ ነው።»

ወንድምየው ሳቀ። «ከኔ ሌላ ጊታር ሠሪ የለም እንዴ?»

«ሞልቷል። ሽብልቁ ግን ከእርስዎ ጠረጴዛ ሥር ካገኘሁት ቁራጭ ጋር በእንጨቱ መስመሮች ሳይቀር ይገጥማል። በሰው አስገዝተው የፈታቱት የወንድምዎ ጊታርም እዚያው ነበር። ክፍተቷን የለኩት ከሱ ነው።»

ወንድምየው አቀረቀረ። «ላበላሸው ብቻ ነበር የመጣሁት። ሲደርስብኝ ደንግጬ መታሁት።»

«ይሆናል። ግን ከሽብልቁ ኮላ ሥር የደም ፍንጣቂ አለ። ሽብልቁን ያጣበቁት ከገደሉት በኋላ ነው።»

መርፌ የሙዚቀኛውን ካቴና ፈታች። ሚስቲቱ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ወንድም ጋሼ ብዬህ! እሱ ከሞተ ወዲያ ሳጥኗ ምን አደረገችህ?»

«እሱ ቢሞትም እሷ መድረክ ትወጣለች» አለ ቀና ሳይል። «ሰው ሁሉ የሚያጨበጭበው ደግሞ ለሱ ነው።»