«እችለዋለሁ» ያለችው መምህርት

ዓለምእሸት ከደብረ ብርሃን መቀሌ የመጣችው እንግሊዝኛ ልታስተምር ነው። ሓወልቲ አካባቢ ባለ አንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ከሥራ መልስ የሚመጡ ጎልማሶችን ታስተምራለች። ተማሪዎቿ ያከብሯታል፣ ጎረቤቶቿም ሰላም ይሏታል፤ በሯን የሚያንኳኳ ሰው ግን የለም። ትግርኛዋ ከሰላምታ ስለማያልፍ ሰው ሲስቅ ዘግይታ ትስቃለች። እናቷ ስትደውል «ደህና ነኝ» ማለቱን ግን ማን ብሏት!

አንድ ቀን «ማኔጅ» የሚለውን ግስ አስተማረች። ሆቴል ወይም ሱቅ ማስተዳደር ይሆናል አለች። ከብዙ ጭንቅ በኋላ አንድን ነገር እንደምንም ማድረግ ይሆናል። ባለችው መብቃቃትም ነው። ደግሞ ሰው ላግዝህ ሲል «ተወው፣ እችለዋለሁ» ብሎ በትሕትና መመለሻ ነው።

ከዚያ በየተራ ምሳሌ ጠየቀች። አንዱ ስለ ሆቴል፣ አንዷ ስለ ደመወዟ ተናገሩ። በአንድ የእርዳታ ድርጅት መጋዘን የሚሠራው ፍትዊ ተራው ሲደርስ፣ መንገድ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ እናቱን እንደምንም እንደቀበረ በጥሩ እንግሊዝኛ ተናገረ።

ከዓለምእሸት አፍ የወጣው «ጎበዝ፣ ትክክል ነው» ብቻ ሆነ።

ሲወጡ በር ላይ ጠብቃ ይቅርታ ጠየቀችው። ምሳሌ ባይባል ኖሮ ለማንም እንደማይናገረው ነገራት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሮማናት አደባባይ አብረው ይሄዱ ጀመር። ብዙም አያወሩም። እሱ «መምህር» እያለ አንቱ ይላታል፤ እሷ ደግሞ ሳይታወቃት የትምህርቱን ሰዓት መናፈቅ ጀመረች።

ውሃ በጠፋበት ሳምንት ጀሪካን ተሸክማ ወደ ቤቷ ስትገባ ፍትዊ አይቷት ከባጃጅ ወርዶ ጀሪካኑን ያዘላት። «እችለዋለሁ» አለችው ከልማዷ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ፍትዊ ወዲያው ለቀቀው። ጎበዝ ተማሪ ነዋ! ከዚያ ወዲህ እስከ ሮማናት መሸኘቱንም ተወ። እሷም ያን ቀን የቤቷ ደረጃ መሀል ተቀምጣ አለቀሰች። ሞኝ ናት ብንል አይፈረድብንም፤ ለብቻ መኖር ግን ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

ትምህርቱ ያለቀ ቀን ፍትዊ ሌሎቹ እስኪወጡ ቆየ። እንግሊዝኛው ዕድገት አስገኝቶለት ሽረ ተመድቧል፤ ሰኞ ይሄዳል። ለዚህ ያበቁኝ እርስዎ ነዎት ብሎ አመሰገናት።

እንኳን ደስ ያለህ ልትለው አፏን ከፈተች።

«ደስ አላለኝም» አለችው።

«ምነው መምህር?»

«ያን ቀን ጀሪካኑን ስትለቀው ከፋኝ። አልቻልኩም፣ ፍትዊ። ስወጣ ወዴት ነሽ የሚለኝ የለም፣ ስገባ የት ዋልሽ የሚለኝ የለም። በዚህ ከተማ የምናፍቀው ሰው አንተ ብቻ ነህ።»

«አይፈልጉኝም ብዬ ነው የራቅኩት» አለ ፍትዊ። «ሓቂ፣ ቀደም ብዬ ብሰማው አልፈርምም ነበር። አሁን ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ገባኝ» አለች፤ እንባዋን ግን አልደበቀችውም።

«በየወሩ ለዕረፍት እመጣለሁ። የእናቴ ቤት ተዘግቷል። ስመጣ... ስመጣ አንቺ ጋ ልምጣ?»

አንቱታው የት እንደሄደ አልጠየቀችውም።

«ና» አለችው።

ሰኞ ጧት መናኸሪያ ድረስ ሄዳ ሸኘችው። አውቶቡሱ ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆመች፣ አባባይ በሌለበት አለቀሰች፤ ከዚያም ወደ ባዶ ቤቷ ተመልሳ ትጠብቀው ጀመር።