የመንግሥቴ እጀ ጠባብ

ይህ የሆነ ነገር ነው። አላምንም የሚለኝን አልቀየመውም... ወንድሜ ማረው ባይነግረኝ ኖሮ እኔም አላምንም ነበር።

ጊዜው መስከረም 1957 ዓ.ም. ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ፣ ቁሐር ሚካኤል ለቅሶ ሜዳ ላይ።

የማረውን አብሮ አደግ መንግሥቴን የጉማራ ወንዝ ሙላት ከወሰደው ሰንብቷል።

ሬሳው አልተገኘም።

ስለዚህ እጀ ጠባቡን አግዳሚ እንጨት ላይ ሰቅለው ሊያለቅሱለት ተሰበሰቡ።

እናቱ እትዬ ደብረወርቅ ግን አላለቀሱም። ልጄ አልሞተም ይላሉ። ቄሱም እናት ሳታምን ፍትሐት አልጀምርም ብለው ቆመዋል። ኮሌጅ የቆየው ማረው እንዲያግባባቸው ተላከ።

አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ኮሌጅ ሳለ አስተማሪው ስለ ጃፓኖች የነገረውን አጫወታቸው። በጥንታዊ ቴአትራቸው ልጇን ያጣች እናት ደረቷን አትመታም፤ ፊቷን አትነጭም። አንገቷን ትንሽ ደፍታ እጇን ቀስ አድርጋ ዓይኗ ፊት ታቆማለች። በቃ። በድሮ ግጥማቸው ደግሞ አለቀስኩ አይሉም... እጅጌዬ ራሰ ይላሉ።

እትዬ ደብረወርቅ በጎን አዩት።

"ኮሌጅ የላክንህ ለቅሶ ልትማር ኖሯል?"

ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ...

"እስቲ አሳየኝ" አሉት በሹክሹክታ።

መዳፉን አነሳ። ፊቱን ሳያስነካ አቆመው።

ጠብ...

ጠብ...

ማረው ዞር አለ። የእጀ ጠባቡ ቀኝ እጅጌ ርሷል።

ጠዋት ከሣጥን ያወጣው ራሱ ነው። ደረቅ ነበር።

ከሥሩ ያለው መሬት ጭቃ ሆኗል። የወንዝ ደለል ሸተተው።

አልቃሾቹ አንድ በአንድ ወደ እጅጌው ዞሩ።

"ነፋስ አለ?" አሉ እትዬ ደብረወርቅ።

"የለም።"

"እኔም አልተሰማኝም።"

ተነሥተው ወደ እንጨቱ ሄዱ። አንገታቸውን ደፉ። እጃቸውን ቀስ አድርገው ዓይናቸው ፊት አቆሙ።

ባዶው እጅጌ ተንቀሳቀሰ...

ቀስ እያለ ከጎኑ ተነሣ። ፊቱ መኖር በነበረበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።



እትዬ ደብረወርቅ እጃቸውን ሳያወርዱ ለቄሱ ተናገሩ።

"ይጀምሩ፣ አባ። ልጄ ነው።"

ቄሱ ጀመሩ።

ፍትሐቱ እስኪያልቅ እጅጌው አልወረደም... ይንጠባጠብ ነበር።